ግብረ ገብን ከደብተር ወደ ልማድ ማሻገር፦ ለክፍል ኃላፊ መምህራን ዝርዝር መመሪያ

መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ታማኝነት ማለት…» ብሎ ይጽፋል፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ። በሳምንቱ ፈተና ይሰጣል። አብዛኛው ልጅ ትርጉሙን ሳይሳሳት ይመልሳል፤ በዚያው ፈተና ላይ ግን አጠገቡ ከተቀመጠው ልጅ የሚኮርጅ አይጠፋም። ከዕረፍት መልስ ደግሞ እንደ ትናንቱ «መምህር፣ እርሳሴን ወሰዱብኝ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ብዙ መምህራን እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጡና «ልጆቹ ከቤታቸው ተበላሽተው ነው የመጡት» ይላሉ። እኔ ግን የተበላሸው የማስተማሩ ቅደም ተከተል ነው ባይ ነኝ።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነው፤ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የዜግነት ትምህርት ይከተላል። ክፍለ ጊዜው ተመድቧል። የሚጎድለው ልጁ ምግባሩን በእጁና በእግሩ የሚለማመድበት ጊዜ ነው። ሂው ሃርትስሆርንና ማርክ ሜይ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን በልዩ ልዩ ሁኔታዎች ፈትነው ነበር። በአንድ ቦታ ያላታለለ ልጅ በሌላ ቦታ ሊያታልል እንደሚችል አዩ። ስለዚህ «ታማኝ ሁኑ» የሚለው ጥቅል ምክር ብቻውን ልጁን የትም አያደርሰውም። ምግባሩ በሚፈለግበት ቦታና ሰዓት ላይ ሊለመድ ይገባል።

መመሪያው የተዘጋጀው ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለሚያስተምሩና 50 ወይም 60 ተማሪ ለያዙ የክፍል ኃላፊ መምህራን ነው። ለምሳሌነት የወሰድኩት አንድ ምግባር ብቻ ነው፤ የሰው ዕቃ አግኝቶ መመለስ። ሥራው ስድስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ሌላ ምግባር ከመረጡም ቅደም ተከተሉን አይቀይሩ።

ደረጃ 1፦ ሳያስተምሩ አንድ ሳምንት ያስተውሉ

ይህን ደረጃ የሚዘሉ መምህራን ብዙ ናቸው፤ አብዛኛው ውድቀትም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይያዙና ለአንድ ሳምንት ሦስት ነገሮችን ብቻ ይመዝግቡ።

1. ምን ጠፋ? እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ እስክሪብቶ፣ ምሳ ዕቃ፣ ገንዘብ?
2. መቼ ጠፋ? ከሰልፍ በፊት፣ በዕረፍት ሰዓት፣ መምህር ሲቀያየር፣ ሊለቀቁ ሲሉ?
3. የት ጠፋ? ዴስክ ላይ፣ ወለል ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ ከቦርሳ ውስጥ?

የልጅ ስም አይጻፉ። ስም ከጻፉ ዓይንዎ ከዚያ ልጅ ላይ አይነሳም፤ የቀረውን ሳያዩ ሳምንቱ ያልፋል።

በሳምንቱ መጨረሻ ማስታወሻው ብዙ ይነግርዎታል። ሦስት ልጆች በተቀመጡበት ዴስክ ላይ እርሳስ ተንከባሎ ወለል ላይ ይወድቃል፤ የወደቀውን ያነሳ ልጅ «አገኘሁ» ብሎ ያስቀረዋል። በእሱ ቤት ይህ ስርቆት አይደለም። ቦርሳ ተከፍቶ የሚወሰድ ዕቃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ከጠሩ የመጀመሪያውን ልጅ ያለ ጥፋቱ ያስደነግጡታል፤ የሁለተኛውን ጥፋት ደግሞ ያቃልሉታል።

ጥንቃቄ፦ የሚጠፋው ምሳ ወይም ዳቦ ከሆነ የግብረ ገብ ትምህርቱን ያቁሙና መጀመሪያ የሚራብ ልጅ መኖሩን ያጣሩ። ለተራበ ልጅ ስለ ታማኝነት ማስተማር ተገቢ አይደለም። በትምህርት ቤቱ የምገባ መርሐ ግብር ካለ ልጁ እንዲታቀፍ ያድርጉ፤ ከሌለ ከርዕሰ መምህሩና ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር ይነጋገሩ። እርሳስ የሚገዛለት ያጣ ልጅም ካለ መፍትሔው በደረጃ 3 ላይ አለ።

ደረጃ 2፦ ምግባሩን በዓይን በሚታይ ድርጊት ይጻፉ

«ታማኝ እንሁን» የሚለውን ይተዉት። በምትኩ እንዲህ ይጻፉ፦ «የእኔ ያልሆነ ዕቃ ሳገኝ ወዲያውኑ የተገኘ ዕቃ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ።»

ዓረፍተ ነገርዎን በእነዚህ ጥያቄዎች ይፈትኑት።

• በመስኮት የሚያልፍ ሰው ድርጊቱን በዓይኑ ማየት ይችላል?
• ከክፍሉ ትንሹ ልጅ ዛሬውኑ ሊያደርገው ይችላል?
• አጋጣሚው በየቀኑ ይመጣል?
• የሚነግረው ማድረግ ያለበትን ነው ወይስ ማድረግ የሌለበትን? «አትስረቁ» የሚለው ለልጁ እጅ ሥራ አይሰጠውም።

በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አይምረጡ። በየግድግዳው ላይ አሥር የሥነ ምግባር መርሆች ተለጥፈው ይታያሉ፤ ልጆቹን ጠርቶ አንዱን እንኳ እንዲናገሩ ቢጠይቁ ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ይሄዳል።

ደረጃ 3፦ ቦታውንና ዕቃውን ያዘጋጁ

ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት እነዚህ ተሟልተው ይገኙ።

የተገኘ ዕቃ ሣጥን። የብስኩት ወይም የወረቀት ካርቶን ይበቃል። ክዳን አያድርጉለት፤ ልጁ ውስጡን ማየት አለበት። ከመምህሩ ጠረጴዛ አጠገብ ሳይሆን ከበሩ አጠገብ፣ በልጆቹ ቁመት ልክ ያስቀምጡት። መምህሩ ዘንድ የተቀመጠ ሣጥን ወቀሳ ያለበት ይመስላል፤ ልጁም ይሸሸዋል።

የዕቃ ምልክት። ምልክት የሌለው እርሳስ የማንም ነው። እያንዳንዱ ልጅ እርሳሱ ጫፍ ላይ ባለ ቀለም ክር ይሰር ወይም ስሙን በትንሽ ወረቀት ጽፎ በፕላስተር ይለጥፍ። ለዚህ አንድ ክፍለ ጊዜ መስጠት አያስቆጭም፤ ከሚጠፋው ዕቃ ብዙው የሚጠፋው ባለቤቱ ስላልታወቀ ነው።

የብድር እርሳስ። በአንድ ጣሳ ውስጥ አምስት ወይም ስድስት እርሳስ ያስቀምጡ። እርሳስ የሌለው ልጅ ጠዋት ያነሳል፣ ሊለቀቅ ሲል ይመልሳል። ተበዳሪውን ስሙን ጠርተው አያስነሱ፤ ጣሳው አጠገብ ባለ ወረቀት ላይ ራሱ ምልክት ያድርግ። ይህች ጣሳ ከየትኛውም ምክር ይልቅ የእርሳስ መጥፋትን ትቀንሳለች። ልጁ እጁ ላይ አማራጭ ሳይኖር ምርጫ ይጠየቃል ብዬ አላምንም።

ተረኛ። ሣጥኑን የሚጠብቅ አንድ ቋሚ ልጅ አይሹሙ። በየሳምንቱ አንድ ዴስክ ተረኛ ይሁን። «ዘራፊ» ተብሎ የሚታማው ልጅ ያለበት ዴስክም ተራው ሲደርስ ይጠብቅ፤ አይዝለሉት።

ከተበላሸ፦ ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ የከሰዓቱ ፈረቃ ሣጥኑን ባዶ ሊያደርገው ይችላል። ከመጀመርዎ በፊት የሌላውን ፈረቃ መምህር ያነጋግሩና ሁለታችሁም አንድ ሣጥን ተጠቀሙ። ካልተስማሙ ሣጥኑ በፈረቃው ማብቂያ ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ይግባ።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ አዋቂዎችን ያስተካክሉ

ልጅ ከተነገረው ይልቅ ያየውን ይይዛል፤ ስለዚህ ከራስዎ ይጀምሩ። ስም ሲጠሩ እስክሪብቶዎ አልጽፍ ቢል ከፊት ዴስክ ካለች ልጅ ተቀብለው ይጽፋሉ። ጽፈው ሲጨርሱ እስክሪብቶውን ደረት ኪስዎ ውስጥ ይሰኩትና ይወጣሉ። ልጅቷ አትጠይቅዎትም፤ መምህር ነዎትና ታፍራለች። ክፍሉ ግን በሙሉ አይቷል። በዚህ ስድስት ሳምንት ውስጥ የተዋሱትን ዕቃ ሁሉ ጮክ ብለው «አመሰግናለሁ፣ ያንቺ ነው» ብለው ይመልሱ።

ሌላም አለ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ «መልሱን የምታውቁ ቀኝ እጃችሁን፣ የማታውቁ ግራ እጃችሁን አውጡ» ብሎ ልጆችን ማስጠናት በአንዳንድ ቦታ የተለመደ ነው። ይህን እያደረጉ ታማኝነትን ማስተማር አይቻልም። እንግዳ በሚመጣበት ቀን ክፍሉ እንደወትሮው ይሁን።

በመቀጠል እነዚህን ያነጋግሩ፦

1. ክፍልዎ ገብተው የሚያስተምሩ ሌሎች መምህራንን። የሚጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕቃ ሲጠፋ «ሌባው ማነው?» ከማለት ይልቅ «ሣጥኑን አይታችኋል?» እንዲሉ።
2. የጥበቃ ሠራተኛውንና የጽዳት ሠራተኞችን። ሜዳ ላይ የወደቀ ዕቃ በብዛት እጃቸው የሚገባው እነሱ ናቸው። ልጆቹ እነሱም ወደ ሣጥኑ ሲያመጡ ማየታቸው ትልቅ ነገር ነው።
3. ወላጆችን። በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ልጅዎ ያልገዙለትን ዕቃ ይዞ ቢመጣ አይምቱት፤ በማግሥቱ ወደ ሣጥኑ እንዲመልስ አብረውት ይምጡ ወይም ይላኩት» ማለት ይበቃል።

ጥንቃቄ፦ ምክንያቱን ከአንድ ሃይማኖት አስተምህሮ ጋር አያስሩት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። በአንድ ዴስክ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣና ከመስጊድ የሚመጣ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። «በቤታችሁ ስለዚህ ምን ይሏችኋል?» ብለው ቢጠይቁ ሁለቱም የሚያመጡት መልስ የሰው ዕቃ ይመለስ የሚል ነው። ምክንያቱን ከቤታቸው ያምጡ፤ ድርጊቱን ክፍሉ ውስጥ በጋራ ያድርጉ።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ (40 ደቂቃ)

ሀ. ታሪኩ (8 ደቂቃ)

ልጆቹ ፍጻሜውን የሚያውቁትን ተረት አይምረጡ። «ጅብ መጣ!» እያለ የሚዋሸውን እረኛ ሁሉም ያውቀዋል፤ መልሱን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ያዜሙታል። ያላለቀ ታሪክ ይንገሯቸው፦

«ሰላም የ3ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዛሬ የቃል ጽሕፈት ፈተና አለ። እርሳሷ ትናንት አልቋል። አክስቷ “ነገ እገዛልሻለሁ” ብለዋታል። ከዕረፍት ስትመለስ ዴስኩ ሥር አዲስ እርሳስ አየች። ጫፉ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ዙሪያዋን አየች፤ ማንም አላያትም። ደወሉ ተደወለ። መምህሩ እየመጡ ነው።»

እዚህ ላይ ያቁሙ።

ለ. ጥያቄው (10 ደቂቃ)

«ሰላም ብትወስደው ልክ ነው?» ብለው አይጠይቁ። ስድሳ ልጅ በአንድ ድምፅ «ልክ አይደለም!» ይላል፤ ትምህርቱም እዚያው ያበቃል። እነዚህን ይጠይቁ፦

• ሰላም አሁን ምን እያሰበች ነው?
• ምን ፈራች?
• ቀይ ክር ያሰረው ልጅ አሁን ምን እያደረገ ነው?
• ሰላም ሳትወስደው እንዴት ፈተናውን ልትጽፍ ትችላለች?

ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ዝም ብለው ይጠብቁ። መጀመሪያ ጎን ለጎን ያሉት ልጆች እርስ በርስ ይነጋገሩ፤ ከዚያ ሦስት ወይም አራት ልጅ ብቻ ይናገር። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ አንድ ልጅ «ከጣሳው ትበደር!» ካለ፣ የሚፈልጉት መልስ እሱ ነው።

ሐ. ልምምዱ (17 ደቂቃ)

የክፍለ ጊዜው ዋና ክፍል ይህ ነው፤ ሰዓት ቢያጥርዎት ከሌላው ይቀንሱ እንጂ ከዚህ አይቀንሱ። ወለሉ ላይ አምስት ስድስት ዕቃ ይጣሉ። በየዴስኩ አንድ ልጅ እየተነሳ እንዲህ ያድርግ፦

1. ዕቃውን ያንሳ።
2. ከፍ አድርጎ «ይህ የማን ነው?» ይበል። አንድ ጊዜ ብቻ።
3. ባለቤቱ ከተገኘ ይስጠው። ካልተገኘ ወደ ሣጥኑ ሄዶ ያስቀምጥ።
4. ወደ ቦታው ይመለስ።

ባለቤቱም የሚለማመደው ንግግር አለው፦ «የእኔ ነው፣ አመሰግናለሁ።» «ሌባ»፣ «ወስደህ ነው» የሚሉ ቃላት በዚህ ክፍል እንደማይነገሩ ያስታውቁ። ዕቃውን የመለሰ ልጅ አንድ ጊዜ «ሌባ» ተብሎ ከተሰደበ ሁለተኛ አይመልስም፤ ሌሎቹም ከእሱ ይማራሉ።

ሁሉም ልጅ በአንድ ቀን ሊደርሰው አይችልም። ያልደረሳቸው ነገ ይቀጥሉ። ያየ ሁሉ ተለማምዷል ብለው አይቁጠሩ።

መ. መዝጊያ (5 ደቂቃ)

የደረጃ 2ን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ይጻፉ፤ ልጆቹም በደብተራቸው ይጻፉት። ትርጉም፣ ዝርዝር፣ የቤት ሥራ አይጨምሩ።

ከተበላሸ

• ልጆቹ ልምምዱን ወደ ጨዋታ ከለወጡትና ከሳቁ፦ ይሳቁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደግሙት ሳቁ ይቀራል። ከተቆጡ ልምምዱ ቅጣት ይሆናል።
• አንድ ልጅ ተነስቶ «ባለፈው እሱ ወስዶብኛል» ብሎ በጣቱ ካሳየ፦ ወዲያውኑ «ዛሬ የምንናገረው ስለ ሰላም ነው። የአንተን ጉዳይ ለብቻችን እናወራለን» ይበሉና በእርግጥም በዚያው ቀን ያናግሩት።
• አንድ ልጅ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ከቤት የሰማውን ተረት ካመጣ፦ አይገሥጹት። «የበላው ገንዘብ የማን ነበር?» ብለው ክፍሉን ይጠይቁ። በ3ኛ ክፍል ልጆች ዘንድ ይህ ጥያቄ ከአንድ ሰዓት ንግግር በላይ ይሠራል።

ደረጃ 6፦ በየቀኑ ሁለት ደቂቃ

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ሥራው አልተሠራም። በማስታወሻዎ መሠረት ዕቃ በብዛት የሚጠፋበትን ሰዓት ይምረጡ፤ በአብዛኛው ከዕረፍት መልስ ያለው ጊዜ ነው። ልጆቹ እንደገቡ ቁጭ ከማለታቸው በፊት «ዴስካችሁን ሥር እዩ» ይበሉ። የተገኘው ሁሉ ይነሳ፣ ይጠየቅ፣ ሣጥን ይግባ። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። የሒሳብ ትምህርት ዘገየ ብለው አይዝለሉት።

1ኛና 2ኛ ሳምንት፦ እርስዎ ራስዎ በየቀኑ ያስታውሱ።
3ኛና 4ኛ ሳምንት፦ ተረኛው ዴስክ ያስታውስ፤ እርስዎ ዝም ይበሉ።
5ኛና 6ኛ ሳምንት፦ ማንም አያስታውስ። ሳይነገራቸው የሚያደርጉትን ይቁጠሩ።

ምስጋናን በልክ ይስጡ። «ጎበዝ! ታማኝ ልጅ!» ከማለት ያዩትን ይናገሩ፦ «የቀይ ክሯን እርሳስ ወደ ሣጥኑ ስትወስድ አየሁህ። ባለቤቷ ዛሬ መጻፍ ቻለች።» ይህን ለብቻው ቢነግሩት የበለጠ ዋጋ አለው።

ከረሜላ፣ ደብተር፣ የማርክ ጭማሪ አይስጡ። በ1973 (እ.ኤ.አ.) በታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ሲስሉ ሽልማት እንደሚሰጣቸው አስቀድሞ የተነገራቸው ሕፃናት ሽልማቱ ካበቃ በኋላ በነፃ ጊዜያቸው ካልተሸለሙት ያነሰ ስለዋል። በክፍልም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። ሽልማት እንደጀመሩ የራሳቸውን እርሳስ «አገኘሁ» ብለው ወደ ሣጥኑ የሚያመጡ ልጆች ይመጣሉ። ይህን ካዩ ልጆቹን ሳይወቅሱ ሽልማቱን ያቁሙ።

ደረጃ 7፦ ጥፋት ሲፈጸም

በስድስቱ ሳምንት ውስጥ ይህ መምጣቱ አይቀርም፤ ልጆቹ የመምህሩን እውነተኛ ትምህርት የሚያዩትም በዚህ ቀን ነው። ቅደም ተከተሉን አስቀድመው ይያዙት።

1. ዕቃ ጠፋ ሲባል ትምህርቱን ለአጭር ጊዜ ያቁሙ። ሁሉም ዴስኩ ሥር፣ ደብተሩ መሀል፣ ቦርሳው ውስጥ ራሱ ይመልከት።

2. ካልተገኘ «ሣጥኑ እስከ ሚቀጥለው ዕረፍት መጨረሻ ክፍት ነው። እዚያ ያስቀመጠ አይጠየቅም» ይበሉና ትምህርቱን ይቀጥሉ። በዕረፍቱ ሰዓት ክፍሉን ለቀው ይውጡ፤ በመስኮትም አይመልከቱ። አብዛኛው ዕቃ በዚህ ጊዜ ይመለሳል። ከተመለሰ ቃልዎን ይጠብቁ፤ ማን እንዳስቀመጠው አይጠይቁ።

3. ካልተመለሰና ማን እንደወሰደው በእርግጥ ካወቁ፣ ልጁን ለብቻው ያነጋግሩት። በሩ ክፍት ይሁን፣ ሌሎች ልጆች ግን አይስሙ። ቁጭ ብለው ዓይን ለዓይን ይነጋገሩ።

4. «ለምን ሰረቅህ?» አይበሉ። ይህ ጥያቄ ልጁን እንዲዋሽ ይገፋዋል፤ አሁን ሁለት ጥፋት ሆነ። «እርሳሱ አሁን የት ነው? እንዴት ብንመልሰው ይሻላል?» ይበሉት።

5. ማካካሻውን ከልጁ ጋር ይወስኑ። ዕቃው ካለ ይመልሳል። ከተሰበረ ወይም ካለቀ የአቅሙን ያደርጋል፤ ለምሳሌ የራሱን ላጲስ ለሳምንት ያውሰዋል፣ ያመለጠውን ጽሑፍ ይገለብጥለታል። ይቅርታው ከልብ እንዲሆን በክፍሉ ፊት አያስደርጉት።

6. ጉዳዩን ይዝጉ። በሚቀጥለው ቀን ሌላ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ ወደዚያ ልጅ አይመልከቱ። ልጆች የመምህራቸውን ዓይን ይከተላሉ።

7. ለሦስተኛ ጊዜ ከተደገመ ወላጅ ይጠሩ፤ ከመጥራትዎ በፊት ግን ወላጁ ልጁን እንደሚመታ ከጠረጠሩ በርዕሰ መምህሩ ፊት ይነጋገሩ።

በጭራሽ የማይደረጉ፦ መምታት፣ መቆንጠጥ፣ ማንበርከክ፣ አንገት ላይ ጽሑፍ ማንጠልጠል፣ በሰልፍ ላይ ስም መጥራት፣ በአንድ ልጅ ጥፋት ክፍሉን በሙሉ መቅጣት፣ በሁሉም ፊት ቦርሳ መበርበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከሕጉም ባሻገር ልጁ በአርጩሜ የሚማረው እንዳይታይ መጠንቀቅን ነው።

ስልክ ወይም ብዙ ገንዘብ ከጠፋ ይህ ቅደም ተከተል አያገለግልም። ወዲያውኑ ለርዕሰ መምህሩ ያሳውቁ።

ያለ ጥፋቱ የጠረጠሩት ልጅ ካለ፦ በክፍሉ ፊት ከጠረጠሩት በክፍሉ ፊት ይቅርታ ይጠይቁት። «ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ» ማለት ከመምህርነት ክብርዎ ምንም አይቀንስም። ልጆቹ ያጠፉትን መናገር እንዴት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኙም።

ደረጃ 8፦ መለካት

ለተከታታይ ምዘና ማርክ ይጠየቃሉ፤ ስለዚህ ምን እንደሚለኩ ይለዩ።

ለማርክ የሚሆነው የልጁ አስተሳሰብ ነው። እንደ ሰላም ያለ አዲስ ያላለቀ ታሪክ ይስጡትና ሁለት አማራጭና የአንዱን ምክንያት ይጻፍ ወይም ይናገር። የልጁን ጠባይ ግን ከአሥር አይስጡት። አራት ከአሥር የተሰጠው ልጅ «እኔ መጥፎ ነኝ» ብሎ ይቀበለዋል፤ አሥር ያገኘው ደግሞ ለማርኩ ይጠነቀቃል።

የክፍሉን ለውጥ ለማወቅ በየዓርቡ ሁለት ቁጥር ይመዝግቡ፤ ጠፋ የተባለ ዕቃና ወደ ሣጥኑ የገባ ዕቃ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት «ጠፋብኝ» የሚለው ቁጥር ቢጨምር አይደንግጡ። ቀድሞ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆች መናገር መጀመራቸው ነው።

ወጥመድ አያዘጋጁ። ጠረጴዛ ላይ ብር ትቶ ማን እንደሚወስድ መጠበቅ ልጆቹ ባወቁ ዕለት መተማመኑን ያፈርሰዋል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ለውጥ ከሌለ ወደ ደረጃ 1 ማስታወሻዎ ይመለሱና እነዚህን ይፈትሹ፦ ልምምዱ በትክክለኛው ሰዓት ላይ ነበር? የብድር ጣሳው ባዶ ሆኖ አልሰነበተም? ከሌሎቹ መምህራን አንዱ አሁንም «ሌባው ማነው?» እያለ አይደለም? መንስኤው በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ነው።

ደረጃ 9፦ ወደ ፈተና ክፍል ማሻገር

እርሳስ የሚመልስ ልጅ ኩረጃን ራሱ ይተዋል ብለው አይጠብቁ። ከላይ እንደተባለው ታማኝነት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው በራሱ አይሻገርም፤ በየቦታው ዳግም ይለመዳል። ኩረጃ ደግሞ የባሰ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ልጆች እንደ ደግነት ያዩታል። የማያስኮርጅ ልጅ «ንፉግ» ይባላል። አገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መስጠት የጀመረችበት ዋና ምክንያት ኩረጃና የፈተና ስርቆት መሆኑን እናውቃለን። ያ ልማድ የሚጀምረው ሦስት ልጅ በሚቀመጥበት የ3ኛ ክፍል ዴስክ ላይ ነው።

1. ዓረፍተ ነገሩን ይጻፉ፦ «በፈተና ሰዓት ዓይኔ በራሴ ወረቀት ላይ ነው፤ ጓደኛዬን ከፈተናው በኋላ አስረዳዋለሁ።» ሁለተኛው ክፍል ከሌለ ልጆቹ ደግነታቸውን የሚያውሉበት ያጣሉ።

2. ጓደኛ ሲጠይቅ የሚባለውን ያለማምዱ። አንዱ በሹክሹክታ «ሁለተኛው ስንት ነው?» ይላል፤ ሌላው ዓይኑን ሳያነሳ «በኋላ አስረዳሃለሁ» ይላል። በየዴስኩ ይደገም።

3. ቃሉ እንዲከበር ከፈተናው በኋላ አሥር ደቂቃ ይስጡ፤ የገባቸው ላልገባቸው ያስረዱ። ይህ ጊዜ ካልተሰጠ «በኋላ» የሚለው ባዶ ቃል ይሆናል።

4. ቦታውን ያግዙ። ሦስት ልጅ በአንድ ዴስክ ከተቀመጠ ጥያቄውን ሀ እና ለ አድርገው ያዘጋጁ፤ መሀል ያለው ልጅ ከግራና ከቀኙ የተለየ ይውሰድ። ወረቀት ማባዣ ከሌለ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለው ይጻፉ።

5. በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንንሽ፣ ማርክ የማይያዝባቸው ጥያቄዎችን ይስጡ። ልጁ መውደቅ በማይፈራበት ፈተና ያልተለማመደውን በሚፈራበት ፈተና አያደርገውም።

ከተበላሸ፦ ሲኮርጅ ያዩትን ልጅ ወረቀቱን ነጥቀው አይቅደዱ። ቀስ ብለው ቦታውን ይለውጡት፤ ከፈተናው በኋላ ያልገባውን ጥያቄ ለብቻው እንደገና ይሥራ። በተደጋጋሚ የሚኮርጅ ልጅ ብዙ ጊዜ ማንበብ ያቃተው ልጅ ነው፤ እንዲያነብልዎት ያድርጉ። አለመቻሉን ካረጋገጡ የሚያስፈልገው የንባብ እገዛ ነው።

ደረጃ 10፦ ሁለተኛውን ምግባር መጀመርና ማስረከብ

የመጀመሪያው ምግባር ሳይነገር መደረግ ሲጀምር ሁለተኛውን ይጨምሩ፤ የሁለት ደቂቃውን ፍተሻ ግን አያቋርጡ። በዓመት ሦስት ምግባር ከተያዘ በቂ ነው። ሚኒ ሚዲያውና የግብረ ገብ ክበቡ ሥራውን ሊያግዙ ይችላሉ፤ የልጅ ስም ጠርተው እንዳይሸልሙና እንዳይወቅሱ ብቻ አስቀድመው ያስረዷቸው።

በሰኔ ባለቤት ያልተገኘለት ዕቃ ሣጥኑ ውስጥ ይቀራል። ምን እንደሚደረግ ልጆቹ ይወስኑ። አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጧቸውና ሐሳባቸውን ሰሌዳው ላይ ይጻፉ፤ ለብድር ጣሳው ይግባ፣ ለአንደኛ ክፍሎች ይሰጥ፣ እስከ መስከረም ይቆይ የሚሉ መልሶች ይመጣሉ። እጅ አውጥተው የመረጡትን እርስዎ ባይወዱትም ያስፈጽሙ።

በመጨረሻም ለሚቀጥለው ዓመት መምህር አንድ ገጽ ይጻፉ፦ የተለማመዱት ዓረፍተ ነገሮች የትኞቹ ናቸው፣ ፍተሻው የሚደረገው በስንት ሰዓት ነው፣ የማን ቤት እርሳስ መግዛት አልቻለም። ያጠፉ ልጆችን ስም አይጻፉበት።